የዓለምሰገድ አንገትና የእሑዱ ጉባኤ

ዓለምሰገድ አያጨስም። አይጠጣም። ጫትም አይቅምም። በወሎ ሰፈር ጋራዦች ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ሰፊው ሕዝብ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ «ጴንጤ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ተደብቆ ነው» ይላል። ሰውየው ግን አንዱም አልነበረም። ዝክር ተጠርቶ ይሄዳል፣ ጠላ ሲቀርብለት «ሆዴን ይነፋኛል» ብሎ ይመልሳል፣ በቃ እንዲሁ አይወድም። እንዲሁ አለመውደድ ግን ለዚህ ከተማ አይገባውም። ሰው አንድን ነገር ካልወደደ ከጀርባው ድርጅት መኖር አለበት።

ሥራው ካቦነት ነበር። ካቦ ማለት ሠራተኛው ሲያበላሽ የሚሰደብ፣ የጋራዡ ባለቤት ሲያበላሽም የሚሰደብ ሰው ነው። ሱስ አለበት ከተባለ ሱሱ ቤንዚን ነው፤ የአንድ መኪና ሰልባትዮ፣ የነዳጅ ቋቱ ማለት ነው፣ ሊወርድ ሲል ውስጡ የቀረውን ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፉ ስቦ ወደ ጀሪካን የሚያወርደው እሱ ነበር። ሌሎቹ ይውጡታል፣ ያስላቸዋል፣ የመኪናውን ባለቤት እናት ይሰድባሉ። እሱ ምላሱ ጫፍ ሊደርስ ሲል ቱቦውን በጣቱ ያንቀዋል። ስለዚህ በ፲፱፻፺፩ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከግራ መንጋጋው ሥር የለውዝ ፍሬ የምታህል እብጠት ብቅ ስትል፣ ጋራዡ ስብሰባ እንኳ ሳይጠራ ውሳኔ አሳለፈ።

«ቤንዚን ነው» አለ የሞተር ሠራተኛው አረጋዊ፣ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳይነቅል። «ጉሮሮህን ገሽልጦታል ካቦ። ወተት ጠጣ።»

«አያመኝም እኮ።»

«የማያመው ነው የባሰው። ወተት!»

ወተት ጠጣ። በዚህ አገር ለቀለም ቀቢው ወተት ነው፣ ለባትሪ ሠራተኛው ወተት ነው፣ ለበያጁ ወተት ነው። ላም የምትባል እንስሳ ባትፈጠር ኖሮ የሠራተኛው መደብ ገና ድሮ ተጠራርጎ አልቆ ነበር። ዓለምሰገድ በጋውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ትኩስ ወተት ሲጋት ከረመ። እብጠቷም አብራው ጠጣች መሰለኝ፣ ጥር ሲገባ ሎሚ አከለች። ግራ ጆሮውን ከውስጥ ይወጋው ጀመር። እንጀራ ሲውጥ በቀኝ በኩል እንዲወርድለት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል።

አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ይጠፋል እንጂ ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም። የሰፈሩ ክሊኒክ «የዕጢ ሳንባ ነቀርሳ» ብሎ ክኒን ሰጠው። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። ዘመድ ደግሞ የመጣው ሁሉ እብጠቱን በአውራ ጣቱ እየጫነ አንድ ትእዛዝ ጥሎ ሄደ፦ «ብቻ ብረት እንዳታስነካው! ብረት ከነካው ይሰራጫል።» ዕድሜውን ሙሉ በብረት ውስጥ ለኖረ፣ ምሳውን በብረት ላይ ለበላ ሰው ይህ ተነገረው።

የምክንያቱን ጋጋታ አቋርጣ ክንዱን የያዘችው ሚስቱ የሻሽወርቅ ናት። የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነች፤ ቤታቸው ገርጂ ነው። ዓለምሰገድ ሁለተኛ ባሏ ነው። የመጀመሪያው ቦሌ መንገድ ላይ ሱቅ የነበረው፣ በመኪና አደጋ የሞተ ነጋዴ ነበር። እሱን የመረጠላት ታላቅ ወንድሟ ፊሊጶስ ነው። ዓለምሰገድን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ፊሊጶስም ይህን እስከዛሬ አልረሳላትም። ፊሊጶስ የመምሪያ ኃላፊ ነው። የምን መምሪያ እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም፤ ሰውየው በእህቱ ሳሎን ውስጥም የመምሪያ ኃላፊ ነው።

የሻሽወርቅ ባሏን የወሰደችው ከውጭ አገር ተምራ ወደተመለሰች አንዲት ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ነው። ዶክተር ማኅደር ትባላለች። ሁሉም አንገቱን ሲያሹ እሷ አፉን አስከፈተችና በትንሽ መስታወት እየታገዘች ወደ ውስጥ አየች። ቆየች። መስታወቱን አስቀመጠች።

«ያጨሳሉ?»

«አላጨስም።»

«ድሮስ?»

«ድሮም።»

«መጠጥ?»

«ዶክተር፣ ቤንዚን ካልሆነ በቀር ምንም አልጠጣም» አላት። አልሳቀችም።

«ከግራው ቶንሲል ላይ ትንሽ ናሙና እወስዳለሁ።»

«በብረት?»

«በብረት።»

«ብረት ከነካው ይሰራጫል ይባላል እኮ።»

«ሰው ወደኛ የሚመጣው ከተሰራጨ በኋላ ነው። እኛ ስንነካው ጊዜው አልፎ ይሞትብናል። ለቅሶ ላይ ብረቱ ይወቀሳል፤ የጠፋውን ጊዜ ግን የሚያነሣ የለም።»

ዓለምሰገድ የሻሽወርቅን አየ። አፉን ከፈተ።

እስከዚህ ድረስ ሐኪሟም በሽተኛውም የድርሻቸውን ሠርተዋል። ችግሩ የመጣው ውጤቱ ሲደርስ ነው። በዚህ አገር አንድን በሽታ በመጨረሻ የሚሰማው ባለበሽታው ነው። መጀመሪያ ለቤተ ዘመዱ ይነገራል፤ ቤተ ዘመዱ ይመክራል፣ ያጥባል፣ ይቀንሳል፣ ከዚያ የተረፈውን ለበሽተኛው ያካፍለዋል። መርዶም እንዲሁ ነው የሚነገረው፤ ልዩነቱ መርዶ ሲሆን ሟቹ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ፊሊጶስ ደንቡን ያውቃልና አስቀድሞ ክራቫቱን አጥብቆ ወደ ሐኪሟ ሄዶ «የቅርብ ተጠሪው እኔ ነኝ፤ ለእሱ አይነገረው» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። እሷም ውጭ አገር የተማረችውን ሁሉ እዚያች በር ላይ አራግፋ «እሺ» አለች። ሐሙስ ዕለት ፊሊጶስ ገባ። ባለአንገቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረ።

«ካንሰር ነው» አለች ዶክተር ማኅደር። «የተነሣው ከግራው ቶንሲል ነው። አንገቱ ላይ ያለው ከዚያ የወረደ ነው።»

«አያጨስም እኮ! አይጠጣም!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንድ ነገር የምጨምረው። በማህፀን በር ካንሰር ላይ የሚገኝ ቫይረስ አለ። ኤድስ አይደለም። እደግመዋለሁ፣ ኤድስ አይደለም። ውጭ አገር ይህንኑ ቫይረስ በጉሮሮና በአፍ ካንሰር ውስጥም እያገኙት ነው።»

«ምን ያህሉ ላይ?»

«ጥናቶቹ አይስማሙም። የራስና የአንገት ካንሰርን ሁሉ አንድ ላይ ሲቆጥሩት ከአምስቱ አንዱ ላይ ነው የሚሉ አሉ፤ ከዚያ የሚያወርዱም የሚያስበልጡም አሉ። ቶንሲል ላይ ሲሆን ግን ከፍ ይላል፣ ግማሽ ድረስ ያደረሱት አሉ። በማያጨሱትና በማይጠጡት ላይ ይበዛል ይባላል።»

«እሱ ላይስ አለ?»

«እዚህ መመርመሪያ የለንም። ሊሆን ይችላል ነው የምልዎት።»

ሊሆን ይችላል! በመምሪያ ኃላፊ ፊት! ፊሊጶስ በሕይወቱ ሁለት መልስ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ተፈቅዷል እና አልተፈቀደም።

«ከየት ያመጣዋል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በግንኙነት ይተላለፋል። በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ አቶ ፊሊጶስ። ብዙ ሰው ላይ ሳያውቀው መጥቶ ሳያውቀው ይሄዳል። ጥቂቶቹ ላይ ለዓመታት ይቀራል። መቼ እንደያዘው፣ ከማን እንደያዘው ሊነግርዎት የሚችል ሐኪም የለም። ባለቤቱም የማህፀን ምርመራ ብታደርግ ጥሩ ነው። ዋናው ግን ይህ አይደለም። ዋናው ጨረሩ ነው።»

ከዚያ በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ነገረችው። ከተማዋ ያላት የጨረር መሣሪያ አንድ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ በሽተኛ ግቢው ውስጥ እያደረ ነው የሚጠብቀው። የሰኞ ጠዋት ተረኛ እንደማይመጣ ተሰምቷልና ቦታውን ለዓለምሰገድ አስይዛለች። ካልቀረበ ለቀጣዩ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ተራው መቼ እንደሚመለስ አታውቅም።

«እብጠቱ አሁን በጣት ሲገፋ ይንቀሳቀሳል» አለች። «መንቀሳቀሱን ሲያቆም እኔም የምለው አይኖረኝም። እባክዎ፣ ለራሱ ልንገረው።»

«በፍጹም! ይሞትብናል!»

ወጣና አግዳሚው ወንበር ጋ ቆመ።

«ምን አለች ጋሼ?» ዓለምሰገድ ቀና ብሎ ጠየቀ።

«የቆየ ቶንሲል ነው። መድኃኒቱ በሂደት ላይ ነው።»

ከዚያ ክፍል ፊሊጶስ አንድ ቃል ብቻ ይዞ ነው የወጣው። ካንሰር የሚለውን አይደለም። ሰኞ የሚለውንም አይደለም። «በግንኙነት» የሚለውን ነው። ኤድስ አለመሆኑን በሚገባ ሰምቷል፣ ተቀብሏልም፤ ግን ለእሱ በሽታው ምንም ይሁን ምን፣ የመጣበት መንገድ ከታወቀ ተከሳሹ ታወቀ ማለት ነው። ዓርብ ዕለት እህቱን ቤቱ አስጠርቶ ሁሉንም ነገራት፤ ሐኪሟ ከማን እንደያዘው ማንም ሊናገር አይችልም ካለችው ከዚያች ዐረፍተ ነገር በቀር።

የሻሽወርቅ ካንሰር የሚለውን ስትሰማ አለቀሰች። ሌላውን ስትሰማ ለቅሶዋ ቆመ።

«ሰኞ ይሂድ ወንድምጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ሌላው በኋላ።»

«መጀመሪያ ይጣራ። አንቺ ይህን ሰው ልታስታምሚ ነው፤ ምን እንደምታስታምሚ ማወቅ አለብሽ። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል። እስከዚያ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሽ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባችለት። ለምን ገባችለት? እኛ እንዲህ ነን፤ ታላቅ ወንድም ቃል ሲያስገባን ከንፈራችን ከጭንቅላታችን ይቀድማል። ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እሷም ማወቅ ፈልጋለች። በአንድ በኩል ባሏ ሊሞት ነው። በሌላ በኩል ያ ሊሞት ያለ ሰው ምናልባት አታልሏታል። ሁለቱን በአንድ ሆድ ይዞ ቁርስ ማቅረብ ምን እንደሚመስል ፊሊጶስ አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ጠዋት የጠጣበትን ብርጭቆ ለብቻው አኖረችው። ከዚያ ደግሞ አፈረችና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው። እሱ የሸሚዙን ቁልፍ ሲዘጋ አንገቱን አየችው። ከኮሌታው በላይ ወጥቷል።

«ምን ሆነሻል ሻሼ? እንደ ትራፊክ ፖሊስ አፈጠጥሽብኝ።»

«ምንም። ኮሌታህ ተጣጥፎ ነው።» ኮሌታውን ለማቃናት መስላ እብጠቱን በጣቷ ገፋችው። ተንቀሳቀሰ። ግን ባለፈው ሳምንት ገላውን ስትቀባው እንደነበረው አልነበረም፤ ሥር እንደያዘ ነገር ገፍታ ገፍታ ነው የተንቀሳቀሰላት። እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ጀርባዋን አዙራ ሳህን ታጥብ ጀመር፣ የታጠበውን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጉባኤው በተከሳሹ ሳሎን፣ በተከሳሹ ሶፋ ላይ ተሰየመ። ሰብሳቢው አቶ በዳሳ ናቸው፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ ድንኳን ሲተከልም ሲነቀልም የማይታጡ፣ ደግ ሽማግሌ። ደግነታቸው አይካድም፤ ሰውን በደግነት ብዛት የሰኞ ተራውን ሊያሳልፉበት የመጡ ደግ ናቸው። ፊሊጶስ ዐቃቤ ሕግ ነው። የሻሽወርቅ በሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ዓለምሰገድ የመጡት ለእድር ጉዳይ መስሎት ለስላሳ አስመጥቶ በደስታ ይቀዳ ነበር።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት አቶ በዳሳ። «የመጣነው በክፉ አይደለም።»

«ኧረ ምን ክፉ አለ አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ።»

«በወታደር መኪና አሰብ መስመር ስትመላለስ ብዙ ቆይተሃል አይደል?»

«ልጅ ሆኜ ነው፣ ከጋብቻዬ በፊት። ምነው፣ ሾፌር ፈልገው ነው?»

«ማታ ማታ የት ነበር የምታድሩት?» ፊሊጶስ ገባበት።

«መኪናው ውስጥ ጋሼ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሙቀቱ ሲብስ መኪናው ሥር።»

አቶ በዳሳ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በሳል አስተካከሉት። ፊሊጶስ ግን አልሳቀም።

«ቀልድ አይደለም የተያዘው። ከተማ አትገቡም ነበር? ከተጋባችሁ በኋላስ? ናዝሬት ለዕቃ ግዢ እያልክ የምትሄደው?»

ዓለምሰገድ ጠርሙሱን አስቀመጠ። ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እየተመረመረ መሆኑ የገባው ያኔ ነው።

«ጋሼ ፊሊጶስ፣ ምን ሊሉ ፈልገው ነው?»

«ይህን በሽታ ከየት እንዳመጣኸው እህቴ ማወቅ አለባት!»

«የቱን በሽታ?»

አቶ በዳሳ ወደ ፊሊጶስ ዞሩ። ፊሊጶስ ወደ ምንጣፉ አጎነበሰ። የዘመናት ዘዴያችን እዚህ ላይ ነው ራሱን ጠልፎ የጣለው፤ ክሱን አዘጋጅተዋል፣ ዳኛ ሰይመዋል፣ ምስክር አስቀምጠዋል፣ ለተከሳሹ ግን መታመሙን አልነገሩትም።

«ቶንሲሉን?» አለ ዓለምሰገድ።

እጁ ሳያዘው ወደ አንገቱ ሄደ። ወደ ዱካው ዞረ።

«ሻሼ?»

«ካንሰር ነው ዓለሜ።» ድምፅዋ የታይፕ መምቻ ያህል ደረቅ ነበር። «ከቶንሲልህ የተነሣ ነው። ነገ ጠዋት የጨረር ተራ አለህ።»

«ነገ?»

«ነገሩ እስኪጣራ የነገው ይለፍ ተብሎ ነበር ልጄ» አሉ አቶ በዳሳ፤ ሲጀምሩት ደህና ነበር፣ ሲጨርሱት ግን ራሳቸውም ሰሙት። «ማለቴ... እኔ የተነገረኝ ሌላ ተራ ይገኛል ተብሎ ነው።»

«የሚባለው እኮ» ፊሊጶስ ተነሣ፣ «ይህ ካንሰር በግንኙነት በሚመጣ ቫይረስ ነው የሚነሣው! ሐኪሟ ናት ያለችኝ! የማያጨስ ሰው ላይ ሲገኝ እሱ ነው! እህቴን በክሏት እንደሆነስ? ሳይጠየቅ ይሂድ?»

«‹እሱ ነው› ነው ያለችህ ወይስ ‹ሊሆን ይችላል›?» አለች የሻሽወርቅ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እኔ አስይዤው ቢሆንስ?»

«ምን?»

«እኔ አስይዤው ቢሆንስ ወንድምጋሼ? ከእሱ በፊት ማንን ነበር ያገባሁት? ማን ነው መርጦ የዳረኝ? ሰውየው ሱቁን ዘግቶ የት የት እንደሚያመሽ ቦሌ መንገድ ላይ የማያውቅ ማን ነበር? ያኔ ለምን ሽማግሌ አላስቀመጥክለትም?»

«የሞተ ሰው ስም አታንሺ!»

«በሕይወት ያለውን ልትገድሉት ተቀምጣችሁ የሞተው ስም አሳሰበህ?»

ፊሊጶስ መንገዱን ተከትሎ ወንጀለኛውን ፍለጋ ሲሄድ ሲሄድ፣ መንገዱ ራሱ የመረጠው ሙሽራ ቤት ደጃፍ ላይ ጣለው።

ዓለምሰገድ ግን የክርክሩን መጨረሻ አልሰማም። ወደ ግቢው ወጥቶ የውኃ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል። የሻሽወርቅ ተከትላው ስትወጣ ሳይዞር ጠየቃት።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከዓርብ።»

«ትናንት ቁርስ አቅርበሽልኛል።»

«አቅርቤልሃለሁ።»

«ለጋሼ ፊሊጶስ ተነገረ። ላንቺ ተነገረ። ለእድር ዳኛው ተነገራቸው፤ ድንኳኑን እንዲያዘጋጁ ነው መሰለኝ። ሁላችሁም ወሰናችሁ። እንግዲህ እኔም ልወስን። አልሄድም።»

ይህን ያለው ድምፁን ሳያነሣ ነው። ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ሲናገር ሠራተኛው ሁሉ መፍቻውን አስቀምጦ ይሄዳል፤ የተናገረው አይገለበጥም። የሻሽወርቅም ታውቀዋለች። አልለመነችውም። እጁን ይዛ የራሱን ጣት ከመንጋጋው ሥር አሳረፈችው።

«ግፋው።»

«ተይኝ።»

«ግፋው እልሃለሁ። ይንቀሳቀሳል?»

ገፋው። «በመጠኑ።»

«ባለፈው ሳምንት በደንብ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ሲቆም መድኃኒት የለውም ተብሏል። እኔን ለመቅጣት ከሆነ የምትቀረው፣ ስትሞት አልቀጣም፣ አለቅሳለሁ እንጂ። ዓለሜ፣ በድዬሃለሁ። መጀመሪያ ታከም። ጨረሩ ሲያልቅ እንጣላለን።»

«የምር እንጣላለን።»

«የምር። እኔም የምጠይቅህ አለኝ።»

«አሰብን?»

«ናዝሬትን።»

ሳቅ የሚመስል ነገር ከጉሮሮው ወጣ፤ ወዲያው ጆሮውን ወጋውና ፊቱን አጨማደደ።

በማግሥቱ ሰኞ ማለዳ ከገርጂ በሚኒባስ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ በሌላ ሄዱ። ሆስፒታሉ ግቢ ሲደርሱ የተሰለፈው ሰው ብርድ ልብሱን እየጠቀለለ ነበር። አንድ ከሩቅ የመጣ፣ ጉንጩ ያበጠ ገበሬ ልጁን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ተረኛ ቢቀር ብሎ። ዓለምሰገድ ስሙ ሲጠራ ያን ሰው ሳያይ ማለፍ አልቻለም። የቀረው ሰው ቦታ ለእሱ ደረሰው፤ እሱ ቢቀር ኖሮ ለዚህ ሰው ይደርስ ነበር። አንድ ከተማ፣ አንድ መሣሪያ፤ አሥር ዓይነት ምክንያት የሚያውቅ ሕዝብ።

ዶክተር ማኅደር ውስጥ ነበረች። ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዶክተር፣ አፌን የከፈትኩልዎ እኔ ነኝ። ለምን ለሌላ ሰው ነገሩ?»

«ቤተሰብዎ...» አለችና ተወችው። «ልክ ነዎት። ለእርስዎ ነበር መንገር የነበረብኝ። ይቅርታ።»

«እንግዲህ ለእኔ ይንገሩኝ። እንደኔ ያለ ስንት አለ? ሳያጨስ፣ ሳይጠጣ።»

«ውጭ አገር ቆጥረዋል፤ ቁጥራቸውም ገና አይገጥምም። እኛ ቆጥረን አናውቅም። የእርስዎን ናሙና በሰም ውስጥ አስቀምጫለሁ። አንድ ቀን መመርመሪያው ሲመጣ ይታይ ይሆናል።»

«እስከዚያ ምክንያቱ ምንድን ነው ልበል?»

«አላውቅም ይበሉ።»

«እኛ ሰፈር እንዲህ ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«እድናለሁ?» ብሎ የጠየቃት የጨረሩ ጠረጴዛ ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው። እንደሚሞክሩ ነገረችው፤ አፉ እንደሚደርቅ፣ ጉሮሮው እንደሚቃጠል፣ ከመሻሉ በፊት እንደሚብስ፣ አንድም ቀን እንዳያቋርጥ። ተስፋ አለ አለችው፣ ቃል ግን አልሰጠችውም። የጨረር ባለሙያው በሐምራዊ ቀለም ከመንጋጋው እስከ አንገቱ ሥር መስመር አሰመረበት፤ ቀጥ ያለ፣ ከዚያ የሚያቋርጠው ሌላ። ሕክምናው እስኪያልቅ በውኃ እንዳይነካው፣ ጨረሩ የሚያነጣጥረው በእሱ እንደሆነ ነገረው። ወፍራሙ በር ተዘጋ። የሻሽወርቅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ አንዲት ነርስ የማህፀን ምርመራው የሚሰጥበትን ክፍል ጠየቀች። ነርሷ ሁለተኛ ፎቅ አለቻት፤ የሻሽወርቅም ባሏ ከጨረሩ ሲወጣ አብረው ወደዚያ እንደሚሄዱ ተናግራ ቆመች።

ረፋድ ላይ ሁለቱንም ጨርሰው ወደ ውጭ ሲወጡ ፊሊጶስ በሩ ላይ የመሥሪያ ቤቱን መኪና አቁሞ ይጠብቃቸው ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል እንደማይለው ሁለቱም ያውቃሉ። መኪና ነው ያመጣው። ከመኪናውም ሌላ አንድ ነጭ ሻርፕ።

«ና ግባ» አለው፣ ዓይኑን ከሐምራዊው መስመር እያሸሸ። «ይህን አድርገው። ነፋስም አለ።»

«ነፋስ የለም ጋሼ።»

«እባክህ ሸፍነው። በሰፈር ልናልፍ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ካንሰር ይላል። ስሙ ነው።»

ከፊት ወንበር ተቀመጠ። የሻሽወርቅ ሻርፑን ከወንድሟ እጅ ተቀብላ ጭኗ ላይ አጠፈችው። ጋራዡ ጋ እንዲያወርደው ዓለምሰገድ ነግሮታልና በቦሌ መንገድ አመሩ። ወሎ ሰፈር መጋጠሚያ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ። ጎማ ከሚያንከባልለው ጀምሮ ዕቃ እስከሚሸጠው ድረስ አንድ ባንድ ወደ መኪናው ዞረ። አንዱ ሰላም ሊል እጁን አንሥቶ መሃል ላይ ተወው። ፊሊጶስ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ አጎነበሰ። አረጋዊ ከጋራዡ በር ሆኖ አያቸው፤ ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ቀረ።

«ካቦ! ምን ጻፉብህ?»

ዓለምሰገድ መልስ ሊሰጠው መስታወቱን በእጁ እየዘወረ አወረደ። ጉሮሮው ለጩኸት እንደማይታዘዝለት ያን ጊዜ ታወቀው፤ አረጋዊ ወደ እሱ እስኪመጣ ድረስ እንዲጠብቁለት ለፊሊጶስ ነገረው።

«መንገዱ ተከፈተ፤ ኋላ ያለው መኪና ክላክስ ያደርጋል» አለ ፊሊጶስ።

«ያድርግ።»